በባሕር የታገተ ደመወዙ አይቋረጥም፤ በወለጋ መንገድ የታገተስ?

ትንታኔ | ነቀምቴ

ጥቅምት 27 ቀን 2018 ዓ.ም. ከሕንድ ቤንዚን ጭና ወደ ደቡብ አፍሪካዋ ደርባን ስትጓዝ የነበረች «ሄላስ አፍሮዲት» የተባለች መርከብ ከሶማሊያ ጠረፍ ርቃ ባሕር መሀል በወንበዴዎች ተጠቃች። 24ቱ ሠራተኞች ለእንዲህ ያለ ቀን ተብሎ ወደ ተሠራ ጠንካራ ክፍል ገብተው ከውስጥ ቆለፉ። በማግስቱ በአውሮፓ ኅብረት ተልዕኮ ሥር ያለ የስፔን የጦር መርከብ ደረሰላቸው፤ ሁሉም በሰላም ወጡ። ዜናው እዚህ ላይ አለቀ።

ነቀምቴ ሆኖ ይህን የሰማ ሰው «ወደብ የሌለን ሰዎች፣ እኛን ምን አገባን?» ቢል አይፈረድበትም። ግን በሁለት በኩል ያገባናል። አንደኛ፣ በውጭ መርከቦች ላይ መኮንን ሆነው የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን አሉ፤ ከወለጋ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ከሌላው ጋ በምህንድስና ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ልጅ ይህን መንገድ ቢያስበው አይገርምም። ሁለተኛ፣ አግቶ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ለማየት ባሕር መውረድ አያስፈልገንም። ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ፣ ወደ ነጆ፣ ወደ ደምቢ ዶሎ፣ ወይም በአንገር ጉቴ አድርጎ ወደ ቡሬ የሚነዳ ሾፌር ጠዋት ቁልፍ ሲያዞር የሚያስበው ይህንኑ ነው።

እንግዲህ የዛሬው ጥያቄያችን ይሄ ነው፦ ሠራተኛን ወደ አደገኛ መስመር የላከ አካል፣ ሠራተኛው ቢታገት፣ ቢቆስል ወይም ቢሞት ምን ኃላፊነት አለበት? ኢንሹራንሱንስ መግባት ያለበት ማነው? ባሕር ላይ ይህ ጥያቄ ብዙ ሰው ዋጋ ከፍሎበት፣ ሙሉ ባይሆንም መልስ አግኝቷል። የኛ መንገድ ላይ ግን ገና አልተመለሰም።

መኮንኑ ማነው? አሠሪውስ?

የመርከብ መኮንን ሲባል ወታደር እንዳይመስላችሁ። ካፒቴኑ፣ ምክትሎቹ፣ ዋናው መሐንዲስና ከሥሩ ያሉት መሐንዲሶች፣ የኤሌክትሪክ ሥራውን የሚመራው፣ እነዚህ ናቸው መኮንኖች። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የኢትዮጵያ ማሪታይም ማሠልጠኛ ተቋም የሜካኒካልና የኤሌክትሪካል ምህንድስና ምሩቃንን ተቀብሎ ለዚህ ሥራ ያዘጋጃል። የኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስም «አሶሳ»፣ «ጋምቤላ»፣ «ጊቤ» የሚል ስም ያወጣላቸው መርከቦች ነበሩት፤ በእነሱ ላይም ኢትዮጵያውያን ሠርተዋል።

ወንበዴ መርከብ ላይ ሲወጣ መጀመሪያ የሚፈልገው እነዚህኑ መኮንኖች ነው። ድርድር ሲመጣ ካፒቴንና ዋና መሐንዲስ ዋጋ ያወጣሉ። በምዕራብ አፍሪካ በኩል፣ በጊኒ ባሕረ ሰላጤ፣ ወንበዴዎቹ መርከቡን ትተው ሰዎቹን ብቻ ይዘው ወደ ጫካ መግባት ለምደው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 በመላው ዓለም ከመርከብ ላይ ታፍነው ከተወሰዱት 135 ባሕረኞች 130ዎቹ የተያዙት በዚያ አካባቢ ነው።

ችግሩ፣ የመርከብ ሠራተኛ «አሠሪዬ ማነው?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ቀላል አለመሆኑ ነው። «ጋላክሲ ሊደር»ን ውሰዱ። በኅዳር 2016 ዓ.ም. ቀይ ባሕር ላይ በየመን ሁቲዎች ስትያዝ የምታውለበልበው የባሃማስን ባንዲራ ነበር። ባለቤትነቷ ከአንድ እስራኤላዊ ባለሀብት ጋር ይያያዛል፤ ለሥራ ያሰማራት የጃፓን ኩባንያ ነው። 25ቱ ሠራተኞች የአምስት አገር ሰዎች ሲሆኑ፣ የተለቀቁት ከ14 ወር በኋላ በጥር 2017 ዓ.ም. ነው። እንዲህ በተተበተበ ሰንሰለት ውስጥ የአንዱ መሐንዲስ ሚስት ደመወዝ ለመጠየቅ የማንን በር ታንኳኳ?

የባሕረኞች የሥራ ስምምነት የሚባለው እ.ኤ.አ. የ2006ቱ ዓለም አቀፍ ሕግ ለዚህ አንድ ቁርጥ ያለ መልስ ሰጥቷል። ኃላፊው ባለመርከቡ ነው፤ ባለመርከብ ማለት ደግሞ መርከቧን የማንቀሳቀስ ኃላፊነት የወሰደ አካል ነው። ከፊሉን ሥራ ለደላላ፣ ለወኪል ወይም ለሌላ ድርጅት ቢሰጥም ከተጠያቂነት አያመልጥም። ይህን ስምምነት ካጸደቁት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት።

መርከብ የምትገባው ኢንሹራንስ

አንድ መርከብ አደን ባሕረ ሰላጤን ልታቋርጥ ስትል ብዙ ጊዜ አራት ዓይነት ሽፋን ይነሳል።

▪️ የመጀመሪያው የብረቱ ነው። የመርከቧን አካልና ሞተር ይሸፍናል።

▪️ ሁለተኛው የጦርነት ስጋት መድን ነው። መርከቧ አደገኛ ተብሎ ወደ ተዘረዘረ ቀጠና ስትገባ ተጨማሪ ዓረቦን ይከፈላል። የለንደን የመድን ገበያ አደን ባሕረ ሰላጤን በዚህ ዝርዝር ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው።

▪️ ሦስተኛው ሠራተኛውን በቀጥታ ይመለከታል። ባለመርከቦች ተሰባስበው ያቋቋሟቸው የጋራ መድን ማኅበራት አሉ፤ «ፒ ኤንድ አይ ክለብ» ይባላሉ። በኛ ቋንቋ የባለመርከቦች እድር በሏቸው። ሁሉም ያዋጣል፤ የአንዱ ሠራተኛ ሲሞት ወይም ሲጎዳ ከዚያ ይከፈላል። በዓለም አቀፍ ጥምረት የተሳሰሩት ትልልቆቹ ማኅበራት ከዓለም የመርከብ አቅም 90 በመቶ ገደማ ይሸፍናሉ።

▪️ አራተኛው የእገታና የማስለቀቂያ ገንዘብ መድን ነው። ይሄኛው ግዴታ አይደለም። ተደራዳሪውን፣ የገንዘቡን ማድረሻና ገንዘቡን ራሱን ይሸፍናል። የገባው ድርጅት መግባቱን ለማንም እንዳይናገር ይመከራል፤ ወንበዴው ከሰማ ዋጋ ይጨምራላ!

ከእነዚህ ውስጥ ሦስተኛው ላይ የሚጣል ሕግ አለ። እ.ኤ.አ. ከጥር 2017 ጀምሮ ባለመርከቡ ለሠራተኛ ሞትና ዘላቂ የአካል ጉዳት የሚከፈል ገንዘብ ዋስትና መኖሩን የሚያሳይ የምስክር ወረቀት መርከቧ ላይ፣ ሠራተኛው ሊያየው በሚችልበት ቦታ መለጠፍ አለበት። ልክ የኛ መኪና መስታወት ላይ እንደሚለጠፈው ማለት ነው። ልዩነቱ የኛው ተለጣፊ ሾፌሩን አለማካተቱ ነው። እሱን ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

ማንም ያልከፈለባት መርከብ

ይህ ሁሉ ሕግ እንዲሁ ከሰማይ አልወረደም። «አይስበርግ 1» የምትባለው መርከብ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2010 ከአደን ብዙም ሳትርቅ ተጠለፈች። ከየመን፣ ከሕንድ፣ ከጋና፣ ከሱዳን፣ ከፓኪስታንና ከፊሊፒንስ የመጡ 24 ሰዎች ነበሩባት። ባለቤቷ መቀመጫውን ዱባይ ያደረገ ድርጅት ነበር። ሌሎች መርከቦች በሳምንታትና በወራት ድርድር ሲለቀቁ፣ እነዚህ ሰዎች ባለቤት እንደሌለው ዕቃ ተረሱ። የፑንትላንድ ኃይሎች ተዋግተው ያስለቀቋቸው በታኅሣሥ 2012 ነው፤ ሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር ቆይተው ማለት ነው። በሕይወት የወጡት 22 ናቸው። አንዱ እዚያው ሕይወቱ አልፏል፤ የመርከቧ ዋና መኮንን ደግሞ በወንበዴዎቹ ከጓደኞቹ ተለይቶ ተወስዶ በዚያው ቀረ።

እስቲ የቤተሰቡን ነገር አስቡት። የሥራ ውሉ የስድስት ወር ወይም የዘጠኝ ወር ነው። ሰውየው በታገተ በሦስተኛው ወር ውሉ ያልቃል። «ውሉ አልቋል፤ ከዚህ በኋላ ሠራተኛችን አይደለም» የሚል አሠሪ ቢመጣ ምን ይባላል?

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ይህን ቀዳዳ የደፈነው እ.ኤ.አ. በ2018 በተደረገ ማሻሻያ ነው፤ ሥራ ላይ የዋለው በታኅሣሥ 2020 ነው። ማሻሻያው የሚለው ሲጠቃለል እንዲህ ነው፦ ባሕረኛው በወንበዴ ወይም በታጠቀ ዘራፊ እስከተያዘ ድረስ፣ መርከብ ላይም ይሁን ከመርከብ ውጭ፣ የሥራ ውሉ አይቋረጥም። ጊዜው ቢያልፍም፣ አሠሪው የማቋረጫ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ የነበረ ቢሆንም አይቋረጥም። ደመወዙና ለቤተሰቡ በየወሩ የሚላከው ገንዘብ ተለቆ አገሩ እስኪገባ ድረስ ይከፈላል። በእገታ ላይ እያለ ከሞተ ደግሞ እስከሞተበት ቀን ድረስ።

ልብ በሉ፣ ይህ ስለ ማስለቀቂያ ገንዘብ አይደለም። ስለ ደመወዝ ነው። አጋቹ ሳንቲም አያገኝበትም። እቤት ለቀሩት ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያና ለአስቤዛ ነው። ሰውየው የታገተው ሥራ ላይ ሆኖ ስለሆነ፣ እስኪመለስ ድረስ ሥራ ላይ እንዳለ ይቆጠራል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ወንበዴ ነው ወይስ ጦርነት?

ባሕሩም ቢሆን ሁሉ ነገር ያለቀለት አይደለም። ኢንሹራንስ ሁሌ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ ማነው የመታው? ወንበዴ ከሆነ የሠራተኛውን ካሳ የባለመርከቦቹ እድር ይከፍላል። ጦርነት ወይም ሽብር ከሆነ ግን እድሩ «ይሄ የኔ አይደለም፣ ወደ ጦርነት ስጋት መድን ሂዱ» ይላል። ባለመርከቡ ሁለቱንም ከገባ ችግር የለም። አንዱን ብቻ ከገባ ሠራተኛው መሀል ላይ ይወድቃል።

ሁቲዎች ሲመጡ ይህ ጥያቄ አፍጥጦ ወጣ። በባሕር ሕግ ወንበዴ ማለት ለግል ጥቅም ብሎ የሚዘርፍ ነው፤ ሁቲዎች ግን ዓላማችን ፖለቲካዊ ነው ይላሉ። የደመወዙ ማሻሻያ የሚጠቅሰው ደግሞ ወንበዴንና የታጠቀ ዘራፊን ነው። በ2017 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ «ኢተርኒቲ ሲ» የተባለችው መርከብ ተመትታ ስትሰጥም የሞቱት ሞቱ፣ ከተረፉት ከፊሎቹ በሁቲዎች እጅ ገቡ። ለእነዚህ ሰዎች ቤተሰብ «ወንበዴ ነው ወይስ ጦርነት?» የሚለው የቃላት ክርክር የእንጀራ ጉዳይ ነው።

የባሕረኞች ማኅበራትና አሠሪዎች በበኩላቸው በድርድር አንድ መንገድ ከፍተዋል። በኅብረት ስምምነታቸው ደቡባዊ ቀይ ባሕርን የጦርነት ቀጠና ብለው ሰይመውታል። በዚያ የሚያልፍ ሠራተኛ ከመሠረታዊ ደመወዙ ጋር እኩል የሆነ ጭማሪ ያገኛል። ቢሞት ወይም አካሉ ቢጎድል ካሳው እጥፍ ይሆናል። ከሁሉም በላይ «አልሄድም» ብሎ በአሠሪው ወጪ ወደ አገሩ የመመለስ መብት አለው። ይህ የሚሠራው ግን በኅብረት ስምምነቱ ለታቀፉ መርከቦች ነው።

አሁን ወደ ራሳችን መንገድ እንምጣ

ከጊምቢ ቡና፣ ከአንገር ሸለቆ በቆሎ ጭኖ የሚወጣ፣ ወደ አሶሳ ነዳጅ ይዞ የሚያልፍ መኪና ስንት ዓይነት ኢንሹራንስ አለው? ቆጥረን እንይ።

▪️ የሦስተኛ ወገን። ይሄ ግዴታ ነው፤ ያለሱ መንቀሳቀስ አይቻልም። ግን ስሙ እንደሚለው ለሌላ ሰው ነው። መሪ የያዘው ሾፌር ሦስተኛ ወገን አይደለም። የሚሸፍነውም የተሽከርካሪ አደጋን እንጂ የጥይትን ጉዳት ወይም እገታን አይደለም።

▪️ ሙሉ ኢንሹራንስ። መኪናው በባንክ ብድር የተገዛ ከሆነ ባንኩ ራሱ ያስገድዳል። የሚጠብቀው ብረቱን ነው፤ ጦርነትና ሁከት ሲሆን ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሽፋን ውጭ ነው።

▪️ የፖለቲካ አመፅና የሽብር ሽፋን። በ2008 እና በ2012 ዓ.ም. በደረሱት ቃጠሎዎች ንብረት ከወደመ በኋላ ብዙ ሰው ስሙን ሰምቷል። በተጨማሪ ዓረቦን ይሸጣል። ይሄም በዋናነት የንብረት ነው።

▪️ የጭነት ኢንሹራንስ። የቡናው ወይም የበቆሎው ባለቤት ይገባዋል።

አያችሁ አይደል? ብረቱ ዋስ አለው፣ ቡናው ዋስ አለው፣ ባንኩ ዋስ አለው። ሾፌሩና ረዳቱስ? ለእነሱ የሚሆን መድን ገበያው ላይ የለም ማለት አይደለም። የሠራተኞች ካሳ የሚባልም፣ የግል አደጋ የሚባልም ሽፋን አለ። መኪናውን ለማንቀሳቀስ ግን ማንም «እሱን አሳየኝ» አይልም።

ሕጉ የታሰረን ያውቃል፣ የታገተን አያውቅም

ብዙ ሾፌር «እኛ ሕግ የለንም» ይላል። ይሄ ትክክል አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 97 በሥራ ላይ የሚደርስ አደጋን ሲተረጉም፣ ሠራተኛው ሥራውን በሚያከናውንበት ጊዜ በአሠሪው ወይም በሦስተኛ ወገን ድርጊት የሚደርስበትን ጉዳት ይጨምራል። ታጣቂ ሦስተኛ ወገን ነው። «ማነው የመታው? ሽፍታ ነው ወይስ ፖለቲካ?» የሚለው ጥያቄ እዚህ ቦታ የለውም። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ነው። በዚህ በኩል አዋጃችን ከአንዳንድ የባሕር መድን ውሎች ይሻላል ማለት ይቻላል።

ካሳውስ? በጡረታ ሕግ ለተሸፈነ ሠራተኛ በዚያው በኩል ይታያል፤ የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ላይ አሠሪው 11፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣሉ። ጡረታ ለሌለው ሠራተኛ በሥራ ምክንያት ሲሞት አሠሪው ለጥገኞቹ የአምስት ዓመት ደመወዝ ይከፍላል። በወር 10,000 ብር የሚያገኝ ከሆነ 600,000 ብር ማለት ነው። ግን እዚህ ጋ ወጥመድ አለ። የብዙ ሾፌር ወረቀት ላይ ያለው ደመወዝ ትንሽ ነው፤ የሚኖረው በውሎ አበልና በጉዞ ነው። በሕጉ ውሎ አበል ደመወዝ አይደለም። ወረቀቱ ላይ 3,000 ብር ከሆነ የአምስት ዓመቱ 180,000 ብር ላይ ይቆማል።

የረዳቱ ደግሞ ይባስ። ብዙ ጊዜ የቀጠረው ሾፌሩ ነው፣ የሚከፍለውም ከአበሉ ቆርሶ ነው። አንድ ቀን ቢሞት ባለንብረቱ «አላውቀውም» ሊል ይችላል። ሕጉ ግን የሥራ ውል የግድ በጽሑፍ መሆን የለበትም ይላል፤ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር ጽፎ መስጠት አለበት። ስለዚህ ወረቀት የለም ማለት መብት የለም ማለት አይደለም። ማስረጃ ማግኘቱ ነው ፈተናው።

እስካሁን ያወራነው ስለቆሰለና ስለሞተ ነው። ስለታገተውስ? የአዋጁ አንቀጽ 18 የሥራ ውል ለጊዜው የሚታገድባቸውን ምክንያቶች ይዘረዝራል። ሠራተኛው ከ30 ቀን ላልበለጠ ጊዜ ቢታሰርና አሠሪው ቢነገረው፣ ሥራው ይጠበቅለታል። እሰይ። ስለታገተ ሰው ግን በስም የተጻፈ ነገር የለም። ሾፌሩ አርባ ቀን ጫካ ቢቆይ ሥራው አለ ወይስ የለም? ደመወዙስ ይቆጠራል? እገታ ያለ በቂ ምክንያት ከሥራ መቅረት አይደለም ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ዳኛም ይቀበለዋል ብዬ አስባለሁ። ግን ክርክሩን የምታደርገው ሚስቱ ናት፣ ያውም የማስለቀቂያ ገንዘብ እያሰባሰበች። ያልተከፈለ ደመወዝ ጥያቄ ደግሞ በስድስት ወር ይርጋ ይታገዳል።

ሄዶ ድምፁ የጠፋውስ? በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት አንድ ሰው መጥፋቱን ፍርድ ቤት እንዲያውጅ ለመጠየቅ ሁለት ዓመት ወሬው ሳይሰማ መቆየት አለበት። በኅዳር 2012 ዓ.ም. ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የታገቱትን ተማሪዎች ቤተሰቦች ያየ ሰው፣ «ሞተ» ወይም «አለ» ሳይባል መኖር ምን እንደሆነ ያውቃል። ለሾፌር ቤተሰብ በዚያ ላይ ሁለት ዓመት ያለ ገቢ ይጨመርበታል።

«አልሄድም» ማለትስ? የአዋጁ አንቀጽ 32 ሠራተኛው ለደኅንነቱ የሚያሰጋ አደጋ እንዳለ አሠሪው እያወቀ እርምጃ ካልወሰደ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ እንደሚችል ይናገራል። ባሕረኛው ግን የቀይ ባሕሩን ጉዞ እምቢ ብሎ ሥራው ላይ ይቆያል። ለኛ ሾፌር በግልጽ የተጻፈለት መልቀቅ ነው። ቁልፉን አስረክቦ ከወጣ፣ ነገ መኪናውን የሚይዝ ሌላ ሰው አይጠፋም።

የማስለቀቂያው ገንዘብ

እዚህ ላይ ነገሩ እሾህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት «ቡንጋ ሜላቲ ዱዋ» በተባለችው መርከብ ጉዳይ፣ ለባሕር ወንበዴ ማስለቀቂያ መክፈል ሕገ ወጥ እንዳልሆነ ተናግሯል። የተቀባዩ ስም ሽብርተኛ ከሆነ ግን ሌላ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የእንግሊዝ መድን ድርጅቶች እንዲህ ያለ ክፍያ መተካት ተከልክለዋል። እኛ ጋም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. «ሸኔ» ብሎ የሚጠራውን፣ ራሱን የኦሮሞ ነጻነት ሠራዊት የሚለውን ታጣቂ ቡድን በሽብርተኝነት ፈርጇል። ስለዚህ የትኛውም መድን ድርጅት በወለጋ መስመር «የማስለቀቂያ ገንዘብ እሸፍናለሁ» ብሎ ይመጣል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

የሚሆነው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ስልክ ይደወላል። ከብት ይሸጣል፣ ቤት ይያዛል፣ የሾፌር ጓደኞች ያዋጣሉ፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ይለመናል። አንዳንድ ባለንብረት ያግዛል፣ አንዳንዱ ስልኩን ያጠፋል። ወጪው በሙሉ በጣም ድሃው ሰው ትከሻ ላይ ያርፋል።

ባሕሩ ለዚህም የቆየ ልማድ አለው። መርከብና ጭነትን ከጋራ አደጋ ለማዳን የወጣ ወጪ፣ ባለመርከቡና ባለጭነቱ እንደየንብረታቸው ዋጋ ይካፈሉታል። ለወንበዴ የተከፈለ ገንዘብም በዚሁ ሒሳብ ሲከፋፈል ኖሯል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የባሕር ሕግ ራሱ ይህን የጋራ ኪሳራ መርህ ይዟል። መርከብ ላይ «ዕዳው የሁላችን ነው» የሚል ሕግ ካለን፣ ተሳቢ ላይ ለምን አይኖረንም? ማስለቀቂያውን እንኳ ብንተወው፣ የሾፌሩን ዓረቦን ባለንብረቱና ባለጭነቱ ሊካፈሉት ይችላሉ።

«እኔም እኮ ተጎጂ ነኝ»

ባለንብረቶች የሚሉት ነገር አለ፤ መደመጥ አለበት። አንድ አይሱዙ ያለው ሰው ሀብታም አይደለም። ብድር አለበት፣ ጎማ ተወዷል፣ መኪናው ተቃጥሎ የቀረበትም አለ። «መንገድ የማስጠበቅ ሥራ የመንግሥት ነው፤ መንግሥት ያልጠበቀውን እኔ ልጠየቅበት?» ይላል።

ግማሹ እውነት ነው። ባሕር ላይም ወንበዴ የቀነሰው በኢንሹራንስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 ብቻ የሶማሊያ ወንበዴዎች 237 ጥቃት አድርሰዋል፤ ቁጥሩ የወረደው የጦር መርከቦች ሲሰማሩና ጠባቂዎች ሲሳፈሩ ነው። የመንገዱ ሰላምም የመንግሥትና የፖለቲካ መፍትሔ ጉዳይ ነው። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ታንዛኒያ ውስጥ የተደረጉት ሁለት ዙር ንግግሮች ያለ ስምምነት ሲበተኑ፣ እዚህ ሾፌር ሁሉ ራዲዮ ላይ ጆሮውን ጥሎ ነበር።

ግን መንግሥት እስኪጠብቅ፣ ሰላም እስኪወርድ፣ መኪናው አልቆመም። መኪናው እየሄደ ነው፤ ከጉዞውም ባለንብረቱ፣ ባለጭነቱና ባንኩ ያተርፋሉ። ሾፌሩን «ዛሬ ጊምቢ ግባ» ብሎ የላከ ሰው ቢያንስ «ካልተመለስክ ቤትህን አያለሁ» ማለት አለበት። ለትንሹ ባለንብረት ይሄ ከከበደው መልሱ ኃላፊነቱን መሰረዝ ሳይሆን ማከፋፈል ነው። ባለመርከቦቹ እድር ያቋቋሙት ለዚህ ነው። እድርን ደግሞ ለኛ ማንም አያስተምረንም።

እና ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ውስጥ አንዲት አንቀጽ ትጨመር፦ በሥራ ላይ እያለ የታገተ ሠራተኛ እስኪመለስ ውሉ አይቋረጥም፣ ደመወዙም ለቤተሰቡ ይከፈላል። አጋቹ ማንም ይሁን ማን። የባሕሩ ማሻሻያ ያጎደለውን እኛ ልንሞላው እንችላለን።

ሁለተኛ፣ የንግድ ተሽከርካሪ ዓመታዊ ምርመራ ሲያደርግ የሦስተኛ ወገን እንደሚጠየቀው ሁሉ፣ የሾፌሩና የረዳቱ የአደጋ መድንም ይጠየቅ። ረዳቱ በስም ይመዝገብ።

ሦስተኛ፣ ዓረቦኑ በጭነት ውል ላይ ይታሰብና ባለጭነቱም ድርሻውን ይክፈል።

ሕግ እስኪወጣ ደግሞ እናንተ ልታደርጉት የምትችሉት አለ። ሾፌርና ረዳት የሆናችሁ፦ ደመወዛችሁን፣ ማን እንደቀጠራችሁና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ የሚያሳይ ወረቀት ያዙ፤ ኮፒውን እቤት አስቀምጡ። የጭነት ሰነድና የባንክ ዝውውር ማስረጃም ይሆናል። «የሠራተኞች ካሳ ገብተሃል ወይ?» ብላችሁ ባለንብረቱን ጠይቁ። ከገባም ሽፋኑ የታጣቂ ጥቃትን ይጨምር እንደሆነ ውሉን አስነብቡ።

መርከብ ላይ ለመሄድ የምታስቡ ልጆች፦ ከመፈረማችሁ በፊት አምስት ነገር ጠይቁ። ባለመርከቡ ማነው? ባንዲራው የማን ነው፣ ያ አገር ስለ ታጋች ደመወዝ የወጣውን ማሻሻያ ተቀብሏል? የሞትና የአካል ጉዳት ዋስትናው በየትኛው የመድን ማኅበር ነው? መርከቧ የጦርነት ስጋት ወዳለበት ስትገባ እምቢ ማለት እችላለሁ? ደመወዜ በየወሩ ለቤተሰቤ በየትኛው ሒሳብ ይገባል? ለቅጥር ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ደላላ ካለ ደግሞ ስምምነቱ ይህን ይከለክላል፤ ከፓስፖርት፣ ከባሕረኛ ደብተርና ከጤና ምርመራ በስተቀር ወጪው የእናንተ አይደለም።

ታግቶ የተመለሰ ወይም ያልተመለሰ ሾፌር ቤተሰብ የሆናችሁ፣ ደመወዝ የተከፈላችሁም ሆነ የተከለከላችሁ፣ በገጹ የውስጥ መስመር ጻፉልን። ስማችሁ አይወጣም። ባለንብረቶችም እንዲሁ፤ የከፈላችሁ ካላችሁ እንዴት እንደከፈላችሁ ንገሩን፣ ለሌላው ትምህርት ይሆናል።